በአጎቴ ስም የተጠራው ሺ እግር

መስከረም 20

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ይህች ደብዳቤ በሰላም በጤና ትድረስሽ። ብርዱ አይንካሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ታማርራለች፣ እኔ እናትሽን አማርራለሁ፤ ቤቱ እንደለመደው ይውላል።

በስልክ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ "እ?" እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ በደብዳቤ ይሁን ብያለሁ። ጆሮዬ ቢከዳኝም ዓይኔ ገና አልከዳኝም።

እናትሽ ሥራ ያገኘሽበትን ሙዚየም ስም ስትነግረኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። "እስቲ ድገሚው" አልኳት። ደገመችው። ልጄ፣ የእኔ ሺ እግር ያለው እኮ እዚያ ነው!

ታሪኩን በልጅነትሽ ነግሬሽ ይሆናል። ብነግርሽም ድጋሚ ስሚኝ፤ ሽማግሌ ካልደገመ ምን ያወራል? ገና ጀማሪ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ትምህርት ቤታችን እንግዳ ሆኖ ከረመ። ሥራው ሺ እግር መልቀም ነበር። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሲስቁበት እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ገደል ይዤው ወረድኩ። አንድ የበሰበሰ ግንድ ብገለብጥ ከሥሩ እንደ ፍም የቀላ፣ ከመሀል ጣቴ የሚረዝም ሺ እግር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ፕሮፌሰሩ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጻፈው ጽሑፍ በፖስታ መጣልኝ። እንደምታውቂው እንስሳ በሳይንስ ሁለት ስም አለው፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ የዝርያው። ሁለተኛው የእኔ ስም ነበር፣ በላቲን ወግ ጫፉ ላይ "ኢ" ተቀጥሎበት።

ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው "ባለ ሺ እግሩ" ይለኛል፤ ግማሹ አክብሮ፣ ግማሹ አሹፎ። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ስሜን የሚያስጠራ ፍጥረት ቢኖር እሱ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የእኔማ ጭራሽ እግር አለው።

እባክሽ ሂጂና እይልኝ። እንዴት ሆኖ ነው የተኛው? ወረቀቱ ላይ ስሜ ይነበባል?

አጎትሽ ባለ ሺ እግሩ


ጥቅምት 18

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዕድሜና ጉልበት ይስጥልኝ። እማዬንም ያንን የሚያማትን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

አየሁት። ናሙናዎቹ ያሉት ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው ለጠርሙሶቹ የታሰበ እንጂ ለሰው አይደለም፤ እኔ ካፖርት ለብሼ ነው የምሠራው። መደርደሪያዎቹ ሐዲድ ላይ ቆመዋል፤ መዘውር ሲያዞሩ አንዱ ከሌላው ይላቀቅና መተላለፊያ ይከፈታል። የእርስዎ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው። አፏ በጥጥ የተወተፈች ቀጭን የመስታወት ብልቃጥ አለች፤ እሷ ደግሞ አልኮል በሞላ ጠርሙስ ውስጥ ተዘፍቃለች። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ወንዱ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቀይነቱ አልኮሉ ውስጥ ቀርቷል፤ አሁን መልኩ ደብዝዞ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ስምዎ በእርሳስ ተጽፏል፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። አጎቴ፣ እዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። አንዱ ባልደረባዬ አልፎ ሲሄድ "ምን ጠፋብሽ?" አለኝ። "ዘመድ አገኘሁ" አልኩት።

ሌላ ዜና፦ አለቃዬ ይህንን ወገን በሙሉ እንደገና አበጥሬ እንድመድብ ሰጥታኛለች። ከመቶ ዓመት በላይ እዚህም እዚያም የተሰየሙ ዝርያዎች ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ ያስተያየ ሰው የለም። የኮንትራቴ ዋና ሥራ እሱ ሆነ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፕሮፌሰሩ ይህንን ቀዩን ከገደሉ ሌላ የትም አላገኘውም? ያስታውሱ እንደሆነ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 6

ልጄ፣

ደስ ያሰኘሽኝን ያህል ደስ ይበልሽ። ጠላትሽ ይውደቅ፣ ወዳጅሽ ይብዛ።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት፣ ለፀጉር አስተካካዩ አነበብኩለት፣ አስተማሪዎች ሻይ የሚጠጡበት ክፍል ገብቼም አነበብኩ። "ዘመድ አገኘሁ" ያልሽው ላይ ስደርስ የሒሳቡ አስተማሪ እንኳ ሳቀ። እሱ በመሐላ የማይስቅ ሰው ነው።

ዳይሬክተሩ አዲስ ነው፤ ጉልበተኛ ወጣት፣ ነገር ማሳመር የሚወድ። አዲሱ ቤተ ሙከራ ሊያልቅ ነው። "ጋሼ፣ በሩ ላይ የእርስዎን ስም ከሺ እግሩ የላቲን ስም ጋር እንጽፋለን፤ ዓመቱ ሲዘጋ እናስመርቀዋለን" አለኝ። እኔ ደግሞ "ዝም ብሎማ አይጻፍም፤ ከሙዚየሙ ማኅተም ያለው ማረጋገጫ ይምጣ" አልኩ። ሳይንስ በወሬ አይሆንም ብዬ ሰላሳ ዓመት አስተምሬ አሁን ለራሴ ሲሆን ልላላ ነው? እንግዲህ አንድ ገጽ ብቻ፤ ዝርያው ይህ ነው፣ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው፣ ስሙ ይህ ነው ብለሽ አስፈርመሽ ላኪልኝ።

ሌላ ቦታ አልተገኘም። ፕሮፌሰሩ ራሱ "በዓለም ላይ ይህ ገደል ብቻ" ብሎ ጽፏል። ለምን ጠየቅሽ?

ሆዴን ትንሽ ያመኛል። ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለ። ጨጓራ የሌለበት አስተማሪ አይቼ አላውቅም።

አጎትሽ ባለ ሺ እግሩ


ታኅሣሥ 29

ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? ደብዳቤዬ ደርሶሽ ከሆነ ሥራ በዝቶብሽ ነው እላለሁ። ካልደረሰሽ ይኸው ደገምኩት፦ ማኅተም ያለው አንድ ገጽ። ዳይሬክተሩ ባየኝ ቁጥር ይጠይቀኛል። "መንገድ ላይ ነው" እያልኩ እየዋሸሁልሽ ነው።

አጎትሽ


ጥር 14

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንዴት ከርመዋል? ስለመዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሕመሙ እንዴት ሆነ? ሌላ ሐኪም አይተዋል? እባክዎ ይዩ።

ከዚህ ጋር የናሙናውን ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። ማረጋገጫው ግን ምደባው ሳያልቅ አይፈረምም፤ የቤቱ ሥርዓት ነው።

አንድ ውለታ ልጠይቅዎ። ከገደሉ አዲስ ናሙና ቢገኝልኝ፣ በተለይ ወንድ። እርስዎ ያውቁታል፤ ሺ እግር በመልኩ አይለይም። ወንዱ ሰባተኛው የሰውነቱ ቀለበት ላይ መራመጃ እግር የለውም፤ በምትኩ ለመራቢያ ያደሩ ሁለት ጥንድ እግሮች ወደ ውስጥ ተደብቀው ይገኛሉ። አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው የእነዚያ ቅርጽ ነው፤ አንዱ መንቆር፣ አንዱ ማንኪያ፣ አንዱ መንጠቆ ይመስላል። ፕሮፌሰሩ ሲመረምረው የወንዳችንን የመራቢያ እግር ጫፍ ሰብሮታል። ሌላ ወንድ ባገኝ ብዙ ነገር ይጠራልኛል።

እርስዎ ግን እንዳይወርዱ። ሰው ይላኩ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 25

ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ሰው ላክ አልሽኝ። ማንን? እዚህ አገር ለሺ እግር ብሎ ገደል የሚወርድ ከእኔ ሌላ ማን አለ? የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ይዤ ወረድኩ። እሱም የእኔ እኩያ ነው፤ አንዳችን ሌላችንን ስንደግፍ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም ነበር። "ጋሼ፣ ለዚህ ትል ብለን ብንሞት ምን ይሉናል?" አለኝ። "ትል አይደለም" አልኩት። "እሺ፣ ለዚህ ትል ላልሆነ ነገር ብንሞትስ?"

ገደሉ ደርቋል። ግንዶቹን ሰው ለማገዶ ወስዷቸዋል። በመጨረሻ ጅረቱ ዳር ካለ የድንጋይ ክምር ሥር ስድስት አገኘን፤ አራቱ ሴት፣ ሁለቱ ወንድ። እንደድሮው ቀይ! ጣቶቼ በሚረጩት ነገር ጠቁረው ይኸው እስከዛሬ አልለቀቀም፤ እናትሽ ምግብ በማንኪያ ብላ ብላኛለች። ስወጣ መሀል መንገድ ላይ አቅሜ ከዳኝ። ዘበኛው እያሳረፈ አወጣኝ። ምንም አይደለም።

ልካቸዋለሁ። ግን ልጄ፣ እኔ አስተማሪ ነበርኩ። መልሱን የማያውቅ ተማሪና መልሱን እያወቀ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ተማሪ በጠረን እለያቸዋለሁ። መጀመሪያ "ሌላ ቦታ አልተገኘም ወይ" አልሽ። ከዚያ ዝም አልሽ። ከዚያ ወንድ ላክ አልሽ። ማኅተም ጠየቅኩሽ፣ ፎቶ ላክሽልኝ። እንቅጩን ንገሪኝ። እንስሳው የእኔ ነው ወይስ አይደለም?

አጎትሽ

[በጥቅሉ ውስጥ፣ በሌላ ወረቀት] እናትሽ ነኝ። ሳያይ ነው የምጽፈው። ሐኪሙ ጨጓራ አላለም። ለእኔ ያለውን ለእሱ አልነገርኩትም፤ እሱም ሐኪሙ ለራሱ ያለውን አይነግረኝም። ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል። ምን እንደምትጽፊለት አንቺ ታውቂያለሽ።


ሚያዝያ 11

አጎቴ፣

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥዎ። ይህንን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደጀመርኩት አልነግርዎትም።

እንቅጩን ጠይቀውኛል። የእርስዎ አይደለም።

ከፕሮፌሰሩ ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ተመራማሪ፣ ከእኛ በጣም ርቆ ካለ አገር፣ ደርቆ የተሰባበረ አንድ ወንድ ደርሶት ስም አውጥቶለት ነበር። ጽሑፉ ግማሽ ገጽ ነው፤ ሥዕል የለውም። ፕሮፌሰሩ አላየውም ወይም አይቶ አላወቀውም። ያ ናሙና ሌላ ሙዚየም ነበር፤ በውሰት አስመጣሁት። ክብሪት ሣጥን በመሰለች ነገር ውስጥ፣ ስብርባሪ። ሰባተኛው ቀለበት ግን ደህና ነበር። ኅዳር ላይ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የመራቢያ እግሩ እንደ ማንኪያ ሰፊ፣ ጫፉ እንደ እባብ ምላስ የተሰነጠቀ። የእኛም ሰባራው ሥሩ እንደዚያው ነው። ሰባራ ስለሆነ ተስፋ አደረግኩ። ጫፉ ላይ ልዩነት ይኖራል፣ አንድ ጥርስ፣ አንዲት ጠጉር፣ ብቻ የሆነ ነገር ይኖራል አልኩ። ለዚህ ነው ወንድ ያስለቀምኩዎ። የላኳቸውን ሁለቱን ከፈትኳቸው። አንድ ናቸው። በሁሉም ነገር አንድ ናቸው።

ሕጉን ያውቁታል፤ የቀደመው ስም ይጸናል፣ የኋለኛው ይወድቃል። የእርስዎ ስም ከቀደመው ስም ሥር በተደራቢነት ይመዘገባል እንጂ አይጠራም። ጽሑፉ በእኔ ስም ነው የሚወጣው። ሌላ ሰው እንዲጽፈው አለቃዬን ለመንኳት፤ "ሌላ ሰው ቢጽፈው ልዩነት አለው?" አለችኝ። የለውም።

ዝም ማለት እችል ነበር። እስከ መቼ ብዬ ማስላት ስጀምር ራሴን ጠላሁት። ስለዚህ ነው የጻፍኩት።

እዚሁ ከስብስቡ ውስጥ ስም ያልወጣላቸው ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች አግኝቻለሁ። አንዱን በስምዎ ልሰይመው። ቃሌ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 3

ልጄ፣

ጤና ይስጥሽ።

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ያ ተመራማሪ እንስሳውን በሕይወቱ አይቶታል? የሰጠው ስም ምን ማለት ነው? ይግባኝ የለውም?

አጎትሽ


ሰኔ 2

አጎቴ፣

ደብዳቤዎ አጭር ስለሆነ ፈራሁ። እንዴት ነዎት? እማዬ በስልክ "ደህና ነው" ብላ ትዘጋብኛለች።

በጠየቁኝ ቅደም ተከተል ልመልስ።

አላየውም። ከአገሩ የወጣ ሰው አይመስለኝም። የደረሰው የደረቀ ናሙና ብቻ ነው።

ስሙ "ቡናማ" ማለት ነው። የደረቀ ስለነበር ቡናማ መሰለው። ስሙ ስለ እንስሳው ውሸት ቢናገርም ሕጉ አይነካውም። ቀዩ ሺ እግር ከእንግዲህ "ቡናማው" ነው።

ይግባኝ አለ። የቆየው ስም ተረስቶ፣ አዲሱ ግን በብዙ ሰዎች ብዙ ጽሑፎች ውስጥ ሲሠራበት ከኖረ አዲሱ ሊጸና ይችላል። የእርስዎን ስም የጠቀሱ ጽሑፎች ሁሉ ፈለግኩ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የራሱ የፕሮፌሰሩ ነው፣ ሌላው ደግሞ ሳያዩ የገለበጡት የስም ዝርዝር። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የጠራው ሰው የለም።

ጽሑፉ ባለፈው ሳምንት ወጣ። አንድ ቅጂ ልኬያለሁ። በሕይወት ሳለ መልኩ ቀይ እንደሆነ የነገሩኝ እርስዎ መሆንዎን ጽፌበታለሁ። ስለ አዲሱ ዝርያ ፈቃድዎን ብቻ ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 8

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ያሰብሽውን ያሳካልሽ። ከእኔ ያገኘሽው ነገር ካለ ይባረክልሽ።

ጽሑፍሽ ደርሶኛል። አልጋ ላይ ሆኜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሥዕሎቹ ግሩም ናቸው። አንድ ስህተት ላገኝብሽ ፈለግኩ፤ አልደብቅሽም፣ በጣም ነው የፈለግኩት። የለውም።

አዲሱን በስሜ አትሰይሚው። ያንን እንስሳ አይቼው አላውቅም። ለማጽናኛ የሚሰጥ ስም ለልቅሶ ቤት እንደሚወሰድ ነገር ነው። ያገኘውን ሰው ፈልጊና በእሱ ሰይሚው፤ ሰውየውም ካለ ይደሰት።

የቤተ ሙከራውን ነገር ልንገርሽና ይለቅልኝ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ከዘራዬን ይዤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ሠዓሊው በሩን ሊጀምር ቀለም እየበጠበጠ ነበር።

"አስቁመው" አልኩት። "ስሙ ወድቋል።"

"የት ነው የወደቀው ጋሼ?"

አስረዳሁት። የቀደመ ስም፣ የኋለኛ ስም፣ ሰባተኛው ቀለበት፣ ሁሉንም። እያዳመጠ ሰዓቱን ያይ ነበር። ስጨርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና "ጋሼ፣ ማን ያጣራዋል? ለእኛ ሺ እግር ሺ እግር ነው። የጥሪ ወረቀቱ ታትሟል" አለኝ።

"ማረጋገጫውስ? ማኅተሙስ?"

"እሱን እርስዎ ነዎት የጠየቁት እንጂ እኛ አልጠየቅንም።"

ልጄ፣ እውነት ነበር። እኔ ብቻ ነኝ የጠየቅኩት።

ምረቃው ቀን እናትሽ ኮቴን በመርፌ አጥብባ አለበሰችኝ፤ ዘበኛው ደግፎ ወሰደኝ። በሩ ላይ በወርቃማ ቀለም ስሜና የላቲኑ ስም ተጽፏል። በላቲኑ ላይ አንድ ፊደል ተሳስተዋል። ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ ከጽሕፈት ቤት የመጡ ሹማምንት ሞልተዋል። ንግግር አድርግ አሉኝ። በጉልበቴ ተነሣሁ።

"ይህ ስም ተሰርዟል" አልኩ። "እንስሳው ከእኔ በፊት ሌላ ስም ነበረው። በሩ ላይ የተጻፈው ትክክል አይደለም፤ እባካችሁ አንሡት።"

እርስ በርስ ተያዩ። የሰሙኝ መሰለኝ። ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ተቀበለኝና "አያችሁልኝ ትሕትና!" አለ። አጨበጨቡ። ደግመው ቆመው አጨበጨቡ። "አይደለም" ለማለት እጄን አነሣሁ፤ ሰላምታ የሰጠኋቸው መስሏቸው የባሰ አጨበጨቡ። ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው እናትሽም ታጨበጭብ ነበር። "አንቺስ ምን ነካሽ?" አልኳት። "ሰው ሲያጨበጭብ ነው" አለችኝ፣ ፊቷን አዙራ።

አልጋዬ ላይ ሆኜ የማስበው እሱን ነው። ስሙ የወደቀ ቀን የሚያዝንልኝ ሰው ይኖራል ብዬ እፈራ ነበር፤ ሐዘኔታ አልወድም። የወደቀውን ካላስተዋሉት ግን፣ የቆመ ጊዜም አላስተዋሉትም ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት "ባለ ሺ እግሩ" ሲሉኝ ከአፋቸው የሚወጣ ነገር ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ጨጓራ ማለቱን ትቷል። ቀዶ ሕክምና አለ፤ ይህን ያህል የሚጨምርልኝ ነገር ስለሌለ እምቢ ብያለሁ። ትኬት ቆርጠሽ እንዳትመጪ። ሥራሽን ያዢ፣ ኮንትራትሽን ያሳድሱልሽ። ለእናትሽ ደውይላት፤ እሷ ትሰማለች።

ተማሪዎቼን "ስህተቱ ሲታረምለት ደስ የማይለው ሰው ሳይንስ አይማር" እላቸው ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር። አንቺ አርመሻል፤ ያረምሽውም ትክክል ነው። እኔ ግን ደስ አላለኝም ልጄ። ሞከርኩ፣ ደስ አላለኝም።

ደህና ሁኚ።

አጎትሽ